እጅ የወጣበት ጥያቄ

መስከረም 24

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ረጅም ነው እያሉ ክፍል ውስጥ ያስቁብኝ ስለነበር ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፦ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ? እትዬስ? ድመቷስ ወለደች?

ድምፅዎን በተመለከተ ሐሳብ አይግባዎት፤ አልጮኹም። የራሱን ድምፅ በደንብ የማይሰማ ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ ማውራቱ ቴክኒሻናችንን አስገርሞታል። የድምፅ መቅጃዋም በሰላም ደርሳለች። በፎጣ ጠቅልለው፣ ፎጣውን ዙሪያውን በመርፌ ሰፍተው የላኩልኝ እህትዎ እትዬ እንደሆኑ አላጣሁትም። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ እንዲሁ ፖስታው ውስጥ ይወረውሯት ነበር።

ደስታዬን የት ላድርገው ጋሼ! አምና ከእርስዎ ክፍል ስወጣ ሥራ ፍለጋ በየቢሮው የምንከራተት ምሩቅ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ስለ ፖለቲካና ስለ ዲሞክራሲ አዲስ መጽሐፍ የጻፉ ምሁራንን በየእሁዱ በሬዲዮ የማወያይ ሰው ሆኛለሁ። የማወያይ ስል፣ ማይክሮፎኑ ላይ የሚቀመጠውስ ባለ ድምፁ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራው፤ ሚስቱ እንኳ ስትደውል "ባለ ድምፁ አለ?" ነው የምትለው። መጽሐፉን አንብቤ ጥያቄ የማወጣለት ግን እኔ ነኝ። እሱ መጽሐፍ ሲያይ ዓይኑን ያመዋል። ባለፈው እሁድ ስለ ፓርላማዎች የጻፉ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን ረስተው መጥተው፣ የመረጡትን ገጽ እኔ በጆሯቸው ሳነብላቸው "ይሄ ግሩም ነው፣ የማን ነው?" አይሉኝም መሰለዎት! የራሳቸው ነበር።

ስለ ሠፈርዎ የውሃ ማኅበር የጻፉትን መጽሐፍ ሳቀርብ "ጆሮው የደከመን ሰው በሬዲዮ?" ብለው ስቀውብኝ ነበር። አሁን መላው ገብቷቸዋል። እርስዎ ለላክሁልዎ ጥያቄዎች መልሱን ቤትዎ ቀድተዋል፤ እሁድ ባለ ድምፁ በቀጥታ ስርጭት ጥያቄዎቹን ከወረቀት ያነባል፣ ቴክኒሻኑ መልሶችዎን ተራ በተራ ይለቃል። አድማጭ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ የምታወሩ ነው የሚመስለው።

ቀኑንም እንዳሉት አስይዤዋለሁ። ከማኅበራችሁ ስብሰባ በፊት ይተላለፋል። የከተማው ጽሕፈት ቤት የውሃ ማኅበሩን ሊጠቀልል ሲመጣ፣ አንድ ሠፈር ያለ ማንም አዛዥ እጅ እያወጣ፣ ፓምፑን እያደሰ፣ እየተጣላና እየታረቀ እንዴት እንደኖረ አገር አስቀድሞ ሰምቶ ይጠብቃል። እርስዎም ስብሰባው ላይ ተነሥተው ሲናገሩ ብቻዎን አይሆኑም።

ያስተማሯት


ጥቅምት 2

ለእጅ አውጪዋ፤

ጥያቄ ሳልጨርስ እጅሽን ታወጪ ስለነበር ያወጣሁልሽ ስም አሁንም የሚያስከፋሽ ከሆነ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ገብተሽም አልተውሽም ማለት ነው።

አይ፣ እንዳደርገው የፈለግሽውን የመስሚያ መሣሪያ አላደርገውም። ያፏጫል። ከእኔ ይልቅ የሚሰማው ውሻው ነው፤ ገና ስከፍተው ግቢውን በጩኸት ያናውጠዋል። ለእኔ እህቴ ትበቃኛለች። የምትለኝን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ትጽፍልኛለች፤ ስትቆጣ በትልልቁ፣ ስታማ በደቃቁ። የማኅበሩ አዳራሽም ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥና ሊቀ መንበሩ ምን እየጠየቀ እንደሆነ ጽፋ ታሳየኛለች። ከዚያ ወይ እጄን አወጣለሁ፣ ወይ አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ሊቀ መንበራችን አናጢ ነው፤ ሲናገር አፉ ውስጥ ምስማር እንደያዘ ሰው ከንፈሩን ስለማያንቀሳቅስ ከእሱ አፍ ማንበብ ዘበት ነው።

የድመቷን ነገር እህቴ ራሷ ትጻፍልሽ። እኔ ግን አንድ አደራ አለኝ። ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ ማኅበሩ ሲመሠረት የዚያን ጊዜዎቹ ሹማምንት ስለ ሠፈሩ ሰው ምን ይሉ እንደነበር የሚጠይቀው፣ ደስ ስላለኝ ትንሽ ድራማ ሠርቼበታለሁ። እነሱን ሆኜ ነው የመለስኩት። "ይሄ ሕዝብ በራሱ መወሰን አይችልም! እጁን የሚያወጣው ጎረቤቱ ስላወጣ ነው! ሌላ ሰው ነው የሚወስንለት!" ብዬ ጠረጴዛውንም መትቻለሁ። አራተኛው መልሴ ላይ ደግሞ ልካቸውን ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ መልሶች ባልና ሚስት ናቸው፤ አትለያዪአቸው።

ስብሰባው ኅዳር 21 ነው። ንግግሬን ጀምሬያለሁ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አርጅቻለሁ፤ ፊታቸው ቆሜ አንድ ጊዜ ከልቤ ብናገር ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።


ጥቅምት 19

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እትዬ እንዴት ናቸው? ጎረቤቶችዎስ? እዚህ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታለች፤ የቢሮአችን ደረጃ ላይ ያለው የተሰበረ መብራትም ተቀይሯል። የድመቷ ልጆች ዓይናቸውን ገለጡ?

አዎ፣ ተላልፏል። እሁድ፣ በሰዓቱ። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። ይዘቱ እንዴት ነበር ላሉኝ፣ ሰዓቱ ትንሽ ጠብቦን ስለነበር አንዳንድ ጥያቄ አጥሯል፤ መጨረሻው አካባቢም የቀረ ነገር አለ። ቅጂውን አልላክሁልዎም፤ ምክንያቱም ያው እንደሚያውቁት ለእርስዎ ቅጂ ምን ያደርግልዎታል፣ በጽሑፍ አድርጌ እልክልዎታለሁ እያልኩ ነው። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል።

ባለ ድምፁ ሰላም ብሎዎታል። ድራማውን ወዶታል።

ይህችን አጭር ደብዳቤ ይቅር ይበሉኝ። ሰላምታዬን ግን እንዳላሳጠርኩ ያዩልኛል።


ጥቅምት 30

ለልጄ፤

እልካለሁ ያልሽው ጽሑፍ አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ፣ ምናልባት አልላክሽውም።

ጤንነቴን ከሆነ ደህና ነኝ። ሠፈሩ ግን አሟል። ፋርማሲስቱ መድኃኒቴን ሲሰጠኝ ቀና አላለም። ይሄ ሰውዬ እኮ ስለ ጨጓራዬ ሳያማክረኝ የማይለቀኝ ሰው ነበር! የፓምፑ ጠባቂ ከሩቅ ሲያየኝ ቱቦ የሚጠግን መስሎ ጎንበስ አለ፤ የጎነበሰበት ቦታ ቱቦ የለም። ባለ ሱቋ ጋ ስገባ ወሬ ቆመ። ጆሮዬ ባይሰማም ወሬ ሲቆም ይታየኛል፤ የሰው አፍ ሳይዘጋ ይቀራል።

እህቴን "ምን አድርጌአቸው ነው?" ስላት በደቃቁ "ምንም" ብላ ጻፈች። በደቃቁ ከጻፍሽ ወሬ አለ ማለት ነው፣ ብያታለሁ። ከዚያ ወዲያ የቀን መቁጠሪያውን አልሰጥም አለች። ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከጉያዋ የማይለያት ሴትዮ ከዚያ እሁድ ወዲህ ሬዲዮውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። "ባትሪው አልቆ" ነው። ባትሪ ገዛሁላት። ባትሪውንም ቆለፈችበት።

አንቺም ፀሐይ ወጣች፣ አምፖል ተቀየረ እያልሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ሁለት የምወዳቸው ሴቶች አብረው ዝም ሲሉብኝ የማልገምት ጅል አይደለሁም። በትልልቁ ጻፊልኝ።


ኅዳር 7

ይድረስ ለጋሼ፤

በትልልቁ እጽፋለሁ።

ባለ ድምፁ ሦስተኛውን ጥያቄ አየር ላይ ቀየረው። እኔ የጻፍኩት አራት መስመር ነበር። እሱ "ጥያቄ ሲረዝም አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል" ባይ ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና በዚያ ደስ በሚል ድምፁ፣ "ለመሆኑ ሕዝብ በራሱ መወሰን ይችላል?" አለ። ቴክኒሻኑ መልስዎን ለቀቀ። እርስዎም ጠረጴዛ እየመቱ መለሱ።

ከመስታወቱ ወዲህ ነበርኩ። መልስዎ ሲጀምር ክው አልኩ። ግን አራተኛው መልስ አለ፣ እሱ ያቃናዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ይህ የሹማምንቱ ንግግር መሆኑን ባለ ድምፁ እንዲናገር ወረቀት ጽፌ ላሳየው ፈለግሁ፤ ግን ከመጻፌ በፊት፣ ጋሼ፣ እጄን አወጣሁ። እንደ ክፍል። ሳላስብ።

በእኛ ስቱዲዮ ከመስታወት ወዲህ የወጣ እጅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፦ ሰዓት አልቋል። ባለ ድምፁ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ መልስዎ እንዳለቀ አመስግኖዎት፣ የመጽሐፉን ስም ጠርቶ ዘጋው። አራተኛው መልስ ሳይለቀቅ ቀረ። የተረፈውን ሰዓት ሙዚቃ አስገቡበት። በመስታወቱ ላይ ብጮህ አይሰማም፤ ለዚያ ነው የተሠራው።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። "ምን አደረግህ?" ስለው "ፍሬ ነገሩ ያው አይደል እንዴ?" አለኝ። ከልቡ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፤ እጣላው ነበር። ምን እንዳለ ሳስረዳው ፊቱ ዳመነና "ታዲያ አንቺ አይደለሽ ሰዓት አልቋል ያልሽኝ?" አለ።

ሥራ አስኪያጇ ጋ ገብቻለሁ፤ ማረሚያ ይነበባል ብላኛለች። በየትኛው ሰዓት ስላት "ሲመች" አለች።

ከዚህ ጋር የጥያቄዎቹንና የመልሶችዎን ሙሉ ጽሑፍ በማኅተም ልኬያለሁ፤ በቶሎ ይደርስ ዘንድ ለሹፌር ነው የሰጠሁት። አዳራሹ ላይ ይለጥፉት። እኔንም ይምጪ ካሉኝ እመጣለሁ። ቆሜ እናገራለሁ። ጥፋቱ የእነማን እንደሆነ ስማቸውን እየጠራሁ እናገራለሁ፤ የእኔን አስቀድሜ።


ኅዳር 13

ለልጄ፤

አልተቆጣሁም። ይህን ደጋግመሽ ስለምትጠይቂኝ አስቀድሜ መለስኩት። እህቴን ተቆጥቻት ነበር፤ መቁጠሪያውን ቀምታኝ በትልልቁ "ነግሬህ እንድትሞትብኝ ነበር ወይ?" ብላ ጻፈችልኝ።

ጽሑፉን ለጥፌዋለሁ። ቆመው አነበቡት። ባለ ሱቋ አንብባ ስትጨርስ ለእህቴ ያለችውን እህቴ ጽፋልኛለች፦ "ይሄ ኋላ የተጻፈ ነው፤ እኔ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት የገዛ ድምፁን ነው።" ምን ትያታለሽ? እውነቷን ነው። ድምፁ የእኔ ነው፣ ጠረጴዛውም የእኔ ነው። አንድ ሰው ስለ እኔ ዋሽቶ ቢሆን ውሸት ነው እላለሁ፤ እኔ ራሴን ምን ልበለው?

የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎችማ ጊዜ አላጠፉም። በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ "የማኅበሩ ምሁር ራሳቸው እንደመሰከሩት" ብለው ለጥፈዋል። ምሁር ያሉኝ ገና ዛሬ ነው።

አትምጪ። የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይናገርም፤ ደንቡን መጽሐፌ ላይ አንብበሽዋል፣ ፈተናም አውጥቼልሽ ነበር። ንግግሬን ጨርሻለሁ። አባል ነኝ፣ ተራዬን ጠብቄ እናገራለሁ። ፊቴን እያዩ ከሰሙኝ ይገባቸዋል። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።


ኅዳር 20

ይድረስ ለጋሼ፤

አዎ፣ ማረሚያው ተነቧል። ቃል በቃል ላሉኝ ይኸው፦ "ባለፈው በመጻሕፍት ፕሮግራማችን ላይ በአንድ ጥያቄና መልስ መካከል ለተፈጠረው ክፍተት አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።" አለቀ። በአየር ሁኔታ ዘገባና በእግር ኳስ ውጤት መካከል። የማን መልስ፣ የምን ጥያቄ፣ የለም። ባለ ድምፁ እንኳ አልነበረም ያነበበው፤ ተረኛዋ ልጅ ናት፣ እሷም "የምን ክፍተት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሥራ አስኪያጇን አራተኛውን መልስ ብቻ እናስተላልፍ ብያት ነበር። "ጥያቄ የሌለው መልስ እንዴት ይተላለፋል?" አለችኝ። ያለ ጥያቄው የተላለፈውስ? አልኳት። ስልክ ጠራና አነሣች።

ሥራውን ልልቀቅ? ብለቅ ምን ይጠቅምዎታል? ብቆይስ? ትናንት አንዲት ምሁር ስለ አዲሱ መጽሐፏ ልትወያይ መጣች፤ ርዕሱ ብዙኃን እንዴት ይሳሳታሉ የሚል ነው። ጥያቄዎቹን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፣ አሳጠርኩ፣ ለባለ ድምፁ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ሙሉውን ሰዓት እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። ቴክኒሻኑ ብርዶሽ ነው ወይ አለኝ።

ነገ ስብሰባው ነው። ቢሮ ተቀምጬ ስለ እርስዎ ከማሰብ በቀር የማደርገው የለኝም። እባክዎን በዚያው ቀን ይጻፉልኝ።


ኅዳር 23

ለልጄ፤

በዚያው ቀን አልጻፍኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

አዎ፣ አንቺ አለመምጣትሽ ጥሩ ሆነ። አዎ፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ፣ ንግግሬን ኪሴ ከትቼ ቀድሜ ደረስኩ። እህቴ ግን አጠገቤ አልነበረችም። እጅ ቆጣሪ አድርገው እሷን መርጠዋታል፤ በሐቀኝነቷ የማትታማ ስለሆነች ሁልጊዜ እሷን ነው የሚሉት። እርሳሷን ይዛ ግድግዳው ሥር ቆመች። እኔ መሀል አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ በግራም በቀኝም የሰው ቦታ ክፍት ነበር።

ለመናገር ተራ ስይዝ አናጢው ወደ እኔ አየ። ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ አጭር ነገር ተናገረ። ተቀመጠ። አናጢው ያንን የማይንቀሳቀስ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሯልና። ይናገር ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው አልኩ። ከዚያ እጅ ወጣ።

ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ፋርማሲስቱ አወጣ። የፓምፑ ጠባቂ አወጣ። ባለ ሱቋ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አወጣች። አዳራሹ በሙሉ እጅ ብቻ ሆነ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ ብዬሽ አልነበር? ለካ አንብበውታል፣ ለካ ገብቷቸዋል፣ ለካ ፊት የነሡኝ አፍረው ነው አልኩ። ዓይኔ ውሃ ሞላ። አባል አይደለሁ? እኔም እጄን አወጣሁ። ከፍ አድርጌ።

እህቴ እየቆጠረች እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። አየችኝ። እሷም ልታለቅስ ነበር፤ ደስታ መሰለኝ፣ ሣቅሁላት። እርሳሷን ወደ እኔ ቀሰረች፣ ቆጠረችኝ፣ አለፈች። ደንቡ ነው፤ የወጣ እጅ ይቆጠራል።

ከዚያ አናጢው ሌላ ነገር ጠየቀና የእህቴ እጅ ብቻዋን ግድግዳው ሥር ወጣች። ያን ጊዜ ገባኝ። ከኋላ የተነሣው ሰው ያቀረበው ሐሳብ "እንዳይናገር" የሚል ነበር፤ የቀረበው ሐሳብ ደጋፊዎች ደግሞ ቀድመው ነው የሚቆጠሩት። ይህንን ቅደም ተከተል ያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ መጽሐፌ ላይም ለምን ፍትሐዊ እንደሆነ አንድ ምዕራፍ ጽፌበታለሁ።

ተነሥቼ ወጣሁ። የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የቀረውን በመስኮት አየሁ። ስለ ውሃው ሲጠየቁ፣ እህቴ ኋላ እንደጻፈችልኝ፣ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ እጅ አልወጣለትም። ማኅበሩ ይቀጥላል። ያለ እኔ፣ እኔን ከልክለው፣ በራሳቸው ወሰኑ፤ ልክም ወሰኑ። መጽሐፌ የሚለው ይህንኑ ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ውሳኔውን ይቀበለው አይቀበለው ገና አይታወቅም።

ጽሑፉን ይዘሽ ወደ ባለሥልጣን፣ ወደ ጋዜጣ ለመሄድ አስበሽ ከሆነ ተይው። ሥራሽንም አትልቀቂ። ጥያቄ በደንብ የሚጽፍ ሰው እዚያ ይኑር፤ ማንም ባያነበውም።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲስቱ ጋ ሄጄ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጨጓራህስ ያለኝ መሰለኝ። ቂም የለውም፤ ነገሩ ለእሱ አልቋል። ሠፈሩ ውስጥ የሚወራውን እህቴ በደቃቁ ጽፋልኛለች። "እሱ ራሱስ ቢሆን መናገር እንደማይገባው አምኖ እጁን አወጣ አይደል እንዴ" ነው የሚሉት።

ምን ብዬ ላስተባብል? አውጥቻለሁ።